ደብተሮቹን ያቃጠለው ማን ነው?

«ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት ቢቸና ነው፣ አሁን የምኖረው ባሕር ዳር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልብ ወለድ አሳትሜያለሁ። ባለታሪኳ ጸሐፊ ናት። አባቷ አስተማሪ ነበር፣ በልጅነቷ ሞተ፣ እናቷ አረቄ እያወጣች አሳደገቻት። እስከዚህ ድረስ የኔው ሕይወት ነው። ሌላውን ፈጥሬዋለሁ።

አሁን አንድ ዳይሬክተር መጽሐፉንና የኔን ሕይወት ቀላቅሎ ፊልም መሥራት ይፈልጋል። ድራማ ነው። አንዲት ጸሐፊ ስለ እናቷ ልትጽፍ ወደ ቢቸና ትመለሳለች፣ እያደር የምትጽፈውና የምትኖረው ይደበላለቅባታል፣ ተመልካቹም እውነቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ሐሳቡን በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ባለታሪኳ በስምሽ ትጠራ አሉኝ። አንቺው ተውኚ አሉኝ። ቀረጻው እናትሽ ቤት ይሁን አሉኝ። ፖስተሩ ላይም ‹እውነተኛ ታሪክ› እንጽፋለን፣ ሰው እውነት ነው ሲሉት ነው የሚያየው አሉኝ።

ከሁሉም የወደዱት ሲን እናትየዋ የልጅቷን ደብተሮች እሳት ውስጥ የምትጨምርበት ነው። እናቴ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። የ12ኛ ክፍል ውጤት የመጣ ዕለት ተናድጄ ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። እንዲያውም እሷ አንዱን በባዶ እጇ ከእሳቱ መንጭቃ አውጥታዋለች፣ ዳር ዳሩ የነደደ ደብተር እስከ ዛሬ ሣጥኗ ውስጥ አለ። መጽሐፉ ላይ ግን ለታሪኩ ይሻላል ብዬ ወደ እናትየዋ አዞርኩት። እናቴ ማንበብ አትችልም። ባለፈው ፋሲካ አንዲት ጎረቤታችን ቡና ላይ ‹እንዲያው ምን አስጨክኖሽ ነው የዚችን ልጅ ደብተር ያቃጠልሽው?› ስትላት ሰማሁ። እናቴ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

አያ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የፊልሙን ወሬ ሲሰማ ‹ከፈረምሽ እህቴ አይደለሽም› ብሎኛል። ልፈርም ወይስ ልተወው?

የቢቸናዋ»

እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ ፊርማ ነው፣ እሱ ጋ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ወደ ቡናው እንመለስ። የደብዳቤሽ ዋና ነገር ያለው እዚያ ነው። ይኼን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ባታውቂው ኖሮ ባልጻፍሽልኝ።

እናትሽ የዚያን ዕለት እቤት ነበረች። ማን እንዳቃጠለ በዓይኗ አይታለች። ከዓመታት በኋላ ልጇ መጽሐፍ እንዳሳተመች፣ መጽሐፉ ላይም እናትየዋ ደብተር እንደምታቃጥል ከሰው አፍ ሰማች። ጎረቤቷ ስትጠይቃት «እኔ አይደለሁም፣ እሷው ናት» ብትል ልጇን በሰው ፊት ውሸታም ማድረጓ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ያላጠፋችውን ጥፋት መሸከሟ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ተሸከመችልሽ። አንቺ እዚያው ስኒ ይዘሽ ተቀምጠሽ። ይኼን የምልሽ ላስለቅስሽ ፈልጌ አይደለም። ስለ ፊልሙ የምትወስኚው ነገር ሁሉ ከዚያች ደቂቃ ስለሚነሳ ነው።

መጽሐፉን በመጻፍሽ አልወቅስሽም። ደራሲ ከራሱ ኑሮ ይወስዳል፣ ከየት ይወስዳል ታዲያ! አገርሽ ላይ ትልቁን ምሳሌ ተመልከቺ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም የተወለዱ፣ በጎጃም አብነት ትምህርት ቤቶች ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህም የጎጃም የአብነት ተማሪ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ማንኩሳና ዲማም ሄደሽ የምትረግጫቸው ቦታዎች ናቸው። በበዛብህ ውስጥ ሀዲስን የሚያይ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሀዲስ አምባሳደር ሆኑ፣ ሚኒስትር ሆኑ፣ አርጅተው እስከ 1996 ዓ.ም. ኖሩ። በዛብህ ያን ዕድሜ አላገኘም። ቦታው እውነት ነው፣ የተማሪው ኑሮ እውነት ነው፣ ሰዎቹ ግን የድርሰት ሰዎች ናቸው። ፊታውራሪ መሸሻ ጎረቤቶቻቸው ተሰብስበው «ምን አስጨከነህ?» የሚሏቸው ሰው አይደሉም።

ያንቺ ግን ሌላ ነው። የሟች አስተማሪ ልጅ፣ አረቄ የምታወጣ እናት፣ ቢቸና፣ ሁሉንም እንዳለ አስቀመጥሽና አንዷን ነገር ብቻ ለወጥሽ። ዘጠኙ እውነት ሲሆን አሥረኛውም እውነት ነው ብሎ ሰው ይወስዳል። የቢቸና ሰው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፣ ማንም ሰው እንደዚያ ነው የሚያነበው። ደግሞ የለወጥሽው ነገር ቀላል አይደለም። የራስሽን ጥፋት ነው ለሌላ ሰው የሰጠሽው። ያውም ማንበብ ለማትችል፣ መልስ ለማትጽፍ ሰው።

መጽሐፍ እስከዚህ ነው። ፊልም ይብሳል። መጽሐፍ የሚያነበው የፈለገ ሰው ነው፣ እናትየዋንም እያንዳንዱ አንባቢ በራሱ መልክ ይስላታል። ፊልም ግን መልክ ይሰጣታል፣ ድምፅ ይሰጣታል፣ እናንተ እንዳሰባችሁት ከሆነ ደግሞ የገዛ ቤቷንና የገዛ ምድጃዋን ይሰጣታል። ከዚያ ሲኒማ ቤት ብቻ አይቀርም። ዩቲዩብ ላይ ይወጣል፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይ በረሃን አቋርጦ ጎጃም የሚገባ አውቶቡስ ላይ ይከፈታል፣ ያንን አውቶቡስ ደግሞ እናትሽም ትሳፈርበታለች፣ ጎረቤቷም ትሳፈርበታለች።

ስለዚህ ተዪው ልልሽ ነው? አይደለም። ይኼ ፊልም ቢሠራ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ግን የያዛችሁት ስክሪፕት ዋናውን ነገር ስቶታል ባይ ነኝ።

እስቲ አስቢው። ፊልሙ ስለ አንዲት ጸሐፊ ሕይወትና ፈጠራ መደበላለቅ ነው አይደል? ታዲያ እናት ደብተር ስታቃጥል ማሳየት ምን መደበላለቅ አለው? ክፉ እናት፣ የተበደለች ልጅ፣ አበቃ። እንዲህ ያለውን ስንቴ አየነው። ያንቺ እውነተኛ ታሪክ ግን ማንም ያልሠራው ነው። አንዲት ልጅ በንዴት የራሷን ደብተር ታቃጥላለች፣ ማንበብ የማትችለው እናቷ አንዱን በባዶ እጇ ታተርፈዋለች፣ ልጅቷ አድጋ ጸሐፊ ስትሆን ያንን ሲን ትጽፈውና እጁን ትቀይረዋለች፣ የእናቷ እጅ ታደርገዋለች። ለምን? ስላፈረች? ተበዳይ መሆን ለመጽሐፍ ስለሚጥም? አሁን እናቷ ሣጥን ውስጥ ያለው ደብተር ማን እንዳዳነው ይመሰክራል፣ መጽሐፉ ደግሞ ማን እንዳቃጠለው ይዋሻል። ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ድራማው ይኸው! ተመልካቹ መጀመሪያ የእናትን እጅ ይይ፣ ይመን፣ ይናደድባት። ኋላ ሲኑ ይደገምና እጁ የልጅቷ ይሁን። እውነትና ፈጠራ ያኔ በትክክል ይደበላለቃል፣ ግርታውም ተመልካቹን ማደናገሪያ ብቻ አይሆንም፣ ጸሐፊዋ ራሷ ምን እንዳደረገች የምታይበት ይሆናል። ይኼን ለዳይሬክተሩ ንገሪው። ጎበዝ ከሆነ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም።

የፈረንጆቹን አንድ ፊልም ልጥቀስልሽ፣ ካላየሽው ፈልገሽ እዪው። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው «አዳፕቴሽን» ነው። ቻርሊ ካውፍማን የሚባለው የፊልም ጸሐፊ አንድ መጽሐፍ ወደ ፊልም እንዲቀይር ተቀጠረ፣ አልሆን አለው፣ በመጨረሻ ራሱን ጻፈው። ባለታሪኩ ቻርሊ ካውፍማን የሚባል፣ መጽሐፍ ወደ ፊልም መቀየር ያቃተው ጸሐፊ ሆነ። መንታ ወንድምም ፈጠረለት፣ ዶናልድ ብሎ። ዶናልድ የሚባል ሰው በእውኑ ዓለም የለም፣ ግን ስሙ ከቻርሊ ጎን በጸሐፊነት ተጻፈ፣ ለኦስካርም አብሮ ታጨ። እንደዚህ ነው ድፍረት! ግን ልብ በይ፣ ፊልሙ ላይ የሚፈራው፣ የሚያልበው፣ የሚዋረደው ራሱ ካውፍማን ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ሱዛን ኦርሊንም በእውነተኛ ስሟ ፊልሙ ውስጥ አለች፣ በሕይወቷ ያላደረገችውን ነውርም ስታደርግ ትታያለች። ታዲያ ሳትጠየቅ አይደለም። ስክሪፕቱን አንብባ መጀመሪያ አይሆንም አለች፣ በኋላ ፈቀደች። እሷ ማንበብ የምትችል፣ ጠበቃ የምታቆም ሰው ናት። እናትሽን ማን ጠየቃት?

ፖስተሩ ላይ «እውነተኛ ታሪክ» የሚለው ይቅር። ይኼ ላይ አትደራደሪ። እውነትና ፈጠራ የተቀላቀለበት ፊልም ሠርተው «እውነተኛ ታሪክ» ብለው ቢለጥፉበት የእናትሽን ስም ሸጠው ትኬት መቁረጣቸው ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እየተባለ ያደግሽ ልጅ ነሽና ይኼን ላንቺ ማብራራት አያስፈልገኝም። «ከደራሲዋ ሕይወትና ከልብ ወለዷ የተቀዳ» ቢባል በቂ ነው፣ ይስባልም።

ፕሮዲውሰሮቹ ጉዳዩን ካቀለሉብሽ «ድፍረት»ን አስታውሻቸው። በእውነተኛ ሰው ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ነበር፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝቶ መጣ። በዚያው ዓመት፣ በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2006 መሆኑ ነው፣ አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ሰው አዳራሹ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ የፍርድ ቤት እግድ መጥቶ ቆመ። ቅሬታው የመጣው ታሪኩ መነሻ ከሆነችው ሴት ወገን ነበር። ያንን ያህል ገንዘብና ድካም የፈሰሰበት ሥራ በምረቃው ምሽት! ፊልሙ በኋላ ታይቷል። ያ ምሽት ግን በአገራችን የሰው ሕይወት ይዞ ፊልም ለሚሠራ ሁሉ ትምህርት ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው በፊት ነው።

አሁን ስለ ውሉ። ጠበቃ ያዢ፣ የነሱን ጠበቃ አላልኩም፣ የራስሽን። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መጽሐፉን ወደ ሌላ መልክ የመቀየር መብት የደራሲው ነው፣ ያንቺ። መብቱ ዕድሜ ልክሽን፣ ከሞትሽም በኋላ 50 ዓመት የሚቆይ ነው፣ ስለዚህ በሞቅታ የሚሰጥ ነገር አይደለም። በቃል የተባለውን ሁሉ እርሺው፣ ወረቀት ላይ ያለው ብቻ ነው የሚቆጠረው። የመጽሐፉ መብትና ያንቺ የግል ሕይወት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ በአንድ መስመር ጠቅልለው «ታሪኳን ሰጥታናለች» እንዲሉ አትፍቀጂ። ለአንድ ፊልም ነው የምትሰጪው ወይስ ነገ ተከታታይ ድራማም ሊያደርጉት ነው? ይጻፍ። የመጨረሻውን ስክሪፕት አንብበሽ ሳትስማሚ ቀረጻ እንደማይጀመር ይጻፍ፣ ምክንያቱም ስክሪፕት እጅ በተቀያየረ ቁጥር ይለወጣል። የባለታሪኳ ስም ያንቺ እንዳይሆን ይጻፍ። ቤተሰብሽን በሚመለከት የትኞቹ ነገሮች እንደማይነኩም ይጻፍ።

ትወናው? አይሆንም። ደራሲዋም ባለታሪኳም ተዋናይዋም አንቺው ከሆንሽ «ይኼኛው ፈጠራ ነው» ብለሽ የምትቆሚበት መሬት አይቀርሽም። ደግሞ ትወና ሙያ ነው፣ ለሙያተኛ ተዪው።

የእናትሽን ቤት በተመለከተም ሌላ ቤት ይፈለግ። ቢቸና አካባቢ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል፣ የሚያከራይም አይጠፋም። የቀረጻ ሰው ቤት ሲገባ ምን እንደሚመስል ያላየ አያውቀውም። ገመዱ፣ መብራቱ፣ ጀኔሬተሩ፣ እቃ ከቦታው መነሳቱ፣ ጎረቤት በሩ ላይ መሰለፉ። ለእናትሽ የምትኖርበት ቤት ነው፣ አረቄዋን ሊቀምስ የሚመጣ ደንበኛም አላት። እሷ ራሷ «እዚሁ ይሁን» ካለች ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ኪራዩ በስሟ ተጽፎ፣ ብሩ በእጇ ይግባ። እሷም ሆነች ጎረቤቶቿ ካሜራ ውስጥ ከገቡ ፈቃዳቸው ይጠየቅ። የሰው ምስል ያለፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ይደነግጋል።

አያሽን በቁጣው አትዪው። «እህቴ አይደለሽም» ያለሽ ፊልም ጠልቶ አይመስለኝም። ያንን ቤት የሚጠብቀው እሱ ነው፣ እድሩ ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው፣ ሰው ስለ እናቱ የሚያወራውን በየቀኑ የሚሰማው እሱ ነው። አንቺ ባሕር ዳር ነሽ። እሱም እኮ ደብተሩን ማን እንዳቃጠለ ሊያውቅ ይችላል። ሽማግሌ አትላኪበት፣ ስልክም አይሆንም። ሄደሽ ቁጭ ብለሽ «መጽሐፉ ላይ ያጠፋሁት አለ፣ መጀመሪያ እሱን ላስተካክል፣ ከዚያ ስለ ፊልሙ እንመካከር» በዪው። ካኮረፈም ያኩርፍ፣ ጊዜ ስጪው። የፊልሙን ውሳኔ ግን ለሱ አሳልፈሽ አትስጪ፣ ታሪኩ የሱ ብቻ አይደለም። ከሱ በፊት የምትጠየቅ ሰው አለች።

ዋናው ሥራሽ እናትሽ ጋ ነው፣ ከፊርማው በፊት። ቢቸና ሂጂ። በዓል ወይም ገበያ ቀን አይሁን፣ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ አንቺም ሰበብ ታገኚያለሽ። ዳይሬክተሩን ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ እንግዳ ፊት እናትሽ «እሺ ልጄ» ነው የምትለው፣ ያ እሺታ ደግሞ ይሉኝታ ነው፣ ፈቃድ አይደለም። መጽሐፉን ይዘሽ ሂጂና ራስሽ አንብቢላት። ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሪ። ያንን ሲን አውጪና እሱን አንብቢላት፣ ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከዚያ «ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ባንቺ ያሳበብኩት እኔ ነኝ፣ ጎረቤታችን ስትጠይቅሽም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በዪኝ» በያት። ማብራሪያ አታብዢ። ልብ ወለድ ማለት እንዲህ ነው፣ የድርሰት ነፃነት እንዲያ ነው እያልሽ እንዳታስተምሪያት። እሷ የምትልሽን ስሚ። ምናልባት ትስቃለች፣ ምናልባት ሆድ ይብሳታል፣ ምናልባት «ተይው፣ አለፈ» ትልሻለች። «ተይው» ካለችሽ እዚያ ላይ አታቁሚ፣ ጎጃሜ እናት ይቅር ሳትልም ተይው ትላለች።

ቀጥሎ ቡና ይፈላ። ያቺ ጎረቤት ትጠራ። በሷ ፊት ተናገሪው፣ አጭር አድርገሽ። «እትዬ፣ ያን ደብተር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ እናቴማ አንዱን አትርፋልኛለች» በያት። ይኼ ይከብድሻል፣ ከየትኛውም ገጽ በላይ ይከብድሻል፣ ግን ስሟ የተነሳው ቡና ላይ ነውና የሚመለሰውም እዚያው ነው። መጽሐፉ ድጋሚ ከታተመ ደግሞ መግቢያው ላይ ሁለት መስመር ጨምሪበት።

ስለ ፊልሙ የምትጠይቂያት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ቢቻል በማግሥቱ። በቀላል ቋንቋ ንገሪያት። ሰዎች ፊልም ሊሠሩ ነው፣ ውስጡ አንቺን የምትመስል እናት አለች፣ መጀመሪያ ደብተር ያቃጠለች ትመስላለች፣ ኋላ እውነቱ ይወጣል፣ ደብተሩንም በእጅሽ ስታወጪው ይታያል በያት። የማይገባት ነገር የለውም። አረቄ እያወጣች ከሰካራም ጋር ሒሳብ ስትተሳሰብ የኖረች ሴት ናት፣ ይኼን ለመረዳት ማንበብ መቻል አያስፈልጋትም። እሺ ካለች አያሽ ባለበት ትድገመው፣ ከዚያ ወደ ጠበቃሽ ሂጂና ውሉን አሠሪ፣ ለእናትሽም ድርሻ ይኑራት።

እምቢ ካለችም እምቢታዋ ይከበር። የደብተሩ ሲን ይውጣ፣ እናትየዋም የማትታወቅ ትሁን፣ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ጠባይ ይሰጣት፣ አንቺ ስለ ራስሽ የፈለግሽውን ያህል ጻፊ፣ እሱን የሚከለክልሽ የለም። ዳይሬክተሩ «ያለዚያ ሲን ፊልም የለኝም» ካለሽ ውሉን ሳትፈርሚ መልሺለትና ሌላ ታሪክ ጻፊለት። ጸሐፊ ነሽ፣ አታጪም።